የሐዋ አባት

አያ ሙላት የሞተ ዕለት ወሬውን ለገዳሪፍ ገበያ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከሆስፒታል ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ተመልሼ ሱቄ ደጃፍ ስወርድ፣ ቅመም የሚሸጠው ጎረቤታችን "እንዴት ሆነ?" አለኝ። "ሞተ" አልኩት። ቆሜ ነገርኩት፣ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ገብቼ ስሮጥ የጣልኩትን መቀስ ከመሬት አነሳሁና የጀመርኩትን ጆንያ ሰፍቼ ጨረስኩ። ይህን ያየ ሁሉ ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት ብሏል። እኔም አላውቅም። እጄ የለመደውን ሠራ፤ የቀረው ሰውነቴ የት እንደነበረ እንጃ።

አያ ሙላት የሥጋ ዘመዴ አይደለም። የእሱና የእኔ ሱቅ በአንድ ቆርቆሮ ይዋሰናሉ፣ ይኸው ነው ዝምድናችን። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ "ይማርህ" እላለሁ። እኔን መርፌ ወግቶኝ ስሳደብ እሱ ከወዲያ "እናኑ፣ ቆርቆሮው ይሰማል" ይለኛል። እኔ ለሰሊጥ ነጋዴዎች ጆንያ እጠግናለሁ፣ ሸራ እሰፋለሁ፣ የተማሪ ልብስ ከመጣም አልመልስም። ወላጆቼን በልጅነቴ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ፣ የእነሱ ወሬ ይቆይ፣ የማወራው ስለ አያ ሙላት ነው።

የጎንደር ሰው ነው። ደርግ ሲወድቅ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ወታደሮች አንዱ ነበር። ረጅም፣ ከወገቡ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲሰማ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርግ ሰው። ገዳሪፍ ገብቶ ጎሚስታ ሆነና ስንት ዘመን የትራክተርና የሎሪ ጎማ ሲለጥፍ ኖረ። ሚስት አላገባም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ዛሬ ነገ ስል" ይለኛል፣ ሌላ ጊዜ ስጠይቀውም ያንኑ ይለኛል። እናቱ ስሙን ስታወጣ ሥራውን አውቃ ነው እያልኩ እቀልድበት ነበር። ሙላት አለችው፤ ሲሞላ ኖረ። መጀመሪያ ጎማ፣ በኋላ ደግሞ ጠመንጃ።

ጠመንጃ ስል እንዳትደነግጡ፣ የአየር ጠመንጃ ነው። ባሩድ የለውም። ከአፈሙዙ ሥር አየር የታመቀበት ጠርሙስ አለው፣ ትንሽ የእርሳስ ጥይት የሚተፋው በዚያ አየር ነው። አየሩ ካለቀ ያው ዱላ ማለት ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ እርሻ ያላቸው ሱዳኖች ሰሊጡና ማሽላው ሲደርስ ጅግራና ዋኖስ ለማደን ይይዙታል። ታዲያ ጠርሙሱን የሚሞላው የጎማ መንፊያ አይደለም። የመንፊያው ትልቅ በርሜል ሙሉ ቀን ቢጮህ አይችለውም።

አንድ ከገልፍ አገር የተመለሰ የእርሻ ባለቤት ነው ትንሿን ኮምፕሬሰር ያመጣት። በአንድ እጅ የምትንጠለጠል፣ የመሣሪያ ሳጥን የምታህል ነገር ናት። በሁለት መቆንጠጫ ከመኪና ባትሪ ላይ ትታሰራለች፣ ቀጭን ጥቁር ቱቦ አላት፣ ግፊቱን የምታሳይ ሰዓት አላት። ሰውየው እቤቱ ሞክሯት፣ አሙቆ ሊያቃጥላት ደርሶ ተስፋ ቆረጠ። "አንተ ዘንድ ትቀመጥ፣ የእኔን ሙላልኝ፣ የቀረውን ብላባት" ብሎ ለአያ ሙላት ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ጎማ ለሌሎች ቀረ።

አሞላሉን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። አሁንም ዐይኔን ጨፍኜ ልሠራው እችላለሁ። መጀመሪያ ጠመንጃው እርሳስ እንዳልጎረሰ ያያል። ቱቦውን ይገጥማል። የጠመንጃውን ባለቤት በክንዱ ገፋ አድርጎ ወደ ጎን ያቆመዋል፤ ከቱቦው ፊት ለፊት ማንንም አያስቆምም፣ የመንግሥት ሰው ቢሆንም። የማስተንፈሻዋን ብሎን ያጠብቅና ያስነሳታል። ጠጠጠጠ ትላለች፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ክሬ ከመርፌዬ ይወጣል። እሱ ዐይኑ ከሰዓቷ አይነቀልም። ባለቤቱ "ምን ቀረው?" ካለ "ቀስ በል፣ የምንሞላው ጆንያ አይደለም" ይላል፣ ይቺ ለእኔ ናት። መርፌዋ ከሚፈለገው ቦታ ስትደርስ ያጠፋል። ሁሉም ሰው ያን ጊዜ ጠመንጃውን ሊነቅል እጁን ይዘረጋል። አያ ሙላት እጁን ይይዘዋል።

"ትተንፍስ መጀመሪያ።"

ብሎኗን ቀስ ብሎ ሲፈታት ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ሽው ብሎ ይወጣል። ያ ሳይወጣ መጋጠሚያውን የነካ ጣቱን እንዳጣ ይቁጠረው። አየሩ ውኃ ስለሚያወጣ ማጣሪያዋ ውስጥ ጥጥ ትፈልጋለች፣ ጥጡ ከእኔ ነው የሚወሰደው። በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ እርጥብ ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ጆንያውም ከእኔ ነው። ሁለት ጠመንጃ ከሞላች ታርፋለች። "ሞቃለች" ካለ በቃ፣ የሚመጣ ቢመጣ አያስነሳትም። አንዴ አንዱ ደንበኛ ከሞላለት በኋላ ጠመንጃውን አቀብሎት "አንተም አንዴ ሞክር" አለው። አያ ሙላት መልሶ ሰጠውና "የእኔን ድንበር ላይ አስረክቤያለሁ" አለው።

የእናቱን ሞት የሰማው እንዲሁ ሲሞላ ነው። ቀን በጠራራ ፀሐይ አንድ የሎሪ ሹፌር ቀዝቃዛ ውኃ እየጠጣ ከደጃፉ ቆመና ትኩር ብሎ አየው። "ሙላት አይደለህም? የእማማ የሺ ልጅ?" አለው። ነኝ አለ። "ነፍስ ይማር። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ እኮ። ከሞቱ ቆዩ መቸም።" ይህን ብሎ ውኃውን ጨረሰና ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም፣ የሰማ መስሎት ነው።

እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ ሰምቼ ወጣሁ። አያ ሙላት ዐይኑን ከሰዓቷ አላነሳም። መርፌዋ እስክትደርስ ጠበቀ፣ አጠፋ፣ አስተነፈሰ፣ ቱቦውን ነቀለ፣ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠርጎ ለባለቤቱ ሰጠ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። "ተቀመጥ" አልኩት። "አሁንማ ሰምቼዋለሁ" አለኝ። እስኪመሽ ቆሞ ዋለ።

አገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ይመጣሉ። ሰውየው ሥራ ሳይገባ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ከሰው ፊት ሳይወጣ። ያስቀምጡታል፣ ይከቡታል፣ ከዚያ ነው የሚናገሩት። የሚወድቅ ከሆነ የሚይዘው ሰው ጎኑ አለ። አያ ሙላት ይህ ሁሉ አልተደረገለትም። ለቅሶም አልተቀመጠ፤ ዕድሩ ልቀመጥልህ ቢለው "ጊዜው አልፏል" አለ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ አመል አወጣ። በገመድ የተጠለፈች አጭር መቀመጫ፣ ሱዳኖች በንበር የሚሏትን፣ ከሱቁ ደጃፍ አኖረ። ወሬ ይዞ የመጣ ሰው አፉን ሲከፍት "ቆይ" ይላል፣ ሄዶ በንበሯ ላይ ይቀመጣል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ "እሺ፣ ንገረኝ" ይላል። ሰውየው ሊለው የመጣው ስኳር ጠፋ ነው፣ ወይም ዛሬ መብራት የለም ነው። ገበያው ይስቅበት ነበር። እኔም እስቅበት ነበር፣ ምን ልበላችሁ።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ።

አየር በዐረብኛ ሀዋ ነው። ሙላት የሚለው ስም ለሱዳኖቹ አፍ አልመች ስላለ "አቡ ሀዋ" ይሉት ጀመር፣ ባለ አየሩ ማለታቸው ነው። "አቡ ሀዋ የት አለ?" "አቡ ሀዋ፣ የእኔን ቶሎ ሙላልኝ።" ለእኛ ሰው ጆሮ ግን ሐዋ የሴት ልጅ ስም ነው፣ አቡ ደግሞ አባት። እንግዲህ ዐረብኛው ብዙም ያልገባው ሐበሻ ከገበያው ሲደርስ ሁሉም አቡ ሀዋ የሚሉትን ሰውዬ ምን ብሎ ይረዳዋል?

ሐጂ ኑሩ እንደዚያ ተረዱት። ሐጂ ከገላባት አብሽና በርበሬ እያመጡ የሚያከፋፍሉ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ ከብት ያለው ከብቱ፣ ልጅ ያለው ልጁ ሳይጠየቅ አይለቁም። መጀመሪያ የመጡ ዕለት የአየር መኪናዋ፣ ኮምፕሬሰሯ፣ ሁለት ጠመንጃ ሞልታ እርጥብ ጆንያዋ ላይ አርፋለች።

"አባ ሐዋ፣ እንዴት ዋልክ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐጂ።"

"ቤተሰቡ ደህና? ሐዋስ፣ ደህና ናት?"

አያ ሙላት ቱቦውን እንደያዘ ቀረ። ወደ እሳቸው አየ። ቀጥሎ ወደ መኪናዋ አየ።

"ደህና ናት" አለ። "ይሄ ሙቀት ትንሽ አስቸገራት እንጂ።"

"አላህ ያሽራት። ውኃ አታጣ።"

"ከሥሯ እያፈሰስኩላት ነው።"

"ደግ አድርገሃል። ብዙ አታልፋት፣ ትረፍ።"

"እያሳረፍኳት ነው፣ ሐጂ።"

እኔ ሸራ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው የሰማሁት። ሐጂ ሲሄዱ ወጣሁና "ንገራቸው እንጂ፣ ምን ነው?" አልኩት።

"ምን ብዬ?"

"ልጅ የለኝም በላቸው።"

"ልጅ አለህ ወይ መች አሉኝ" አለኝ። "ሐዋ እንዴት ናት ነው ያሉኝ። ነገርኳቸው።"

ነገሩ በዚያ አላቆመም። ሐጂ በሚቀጥለው ጉዟቸው "ለሐዋ፣ ለደረቷ ጥሩ ነው" ብለው ማር አመጡ። አያ ሙላት ማሩን ሲቀበል ፊቱን ብታዩት ኖሮ። ስለሐዋ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር፣ ውሸት አንድም አልወጣውም። ዕድሜዋን ሲጠይቁት "ገና ልጅ ናት፣ አዲስ ናት" ይላል። አንድ ጊዜ የውስጥ ጎማዋ ተበልቶ ለጥገና ከሰላ ላካት። ሐጂ መጥተው "ሐዋስ?" ሲሉ "ከሰላ ናት" አለ። "ለትምህርት ነው?" አሉ። አያ ሙላት ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ "ተሻሽላ ትመጣለች" አላቸው። ገበያው ያለው ሐበሻ ሁሉ ቀስ በቀስ ሐዋን አወቃት። እናቷ የከሰላ ሴት ናት ተባለ። ክርስቲያን ሆኖ ልጁን ሐዋ ያላት በእናቷ ምክንያት ነው ተባለ። አይቻታለሁ ያለም አልጠፋም።

ለዒድ ደግሞ ሐጂ አበባ ያለው ጨርቅ አመጡላት። አያ ሙላት ጨርቁን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ማሩንም እኔ ጋ ነበር ያስቀመጠው፣ ልሼ ጨርሼዋለሁ።

"ሐዋ ልብስ አትለብስም" አለኝ። "ሰፍተሽ ልበሺው።"

"የሰው ልጅ ልብስ?"

"ልበሺው ነው የምልሽ።"

ሰፍቼ ለበስኩት። ሐጂ ለብሼው አዩኝና "ያማረ ነው፣ ለሐዋም እንዲህ አርገሽ ሰፋሽላት?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። ከእሱ ጋር ስውል የእሱ ዓይነት እውነት ተጋባብኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን የጋብቻው ጉዳይ ነው። ሐጂ፣ ፋው በምትባል ከተማ እርሻ ላይ የሚሠራ የወንድም ልጅ አላቸው። አንድ ቀን አዲስ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። አያ ሙላት ገና ሲያያቸው ሄዶ በንበሯ ላይ ተቀመጠ።

"አባ ሐዋ፣ ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን።"

ላቡ ሲወርድ አየሁ። አሁንስ ይናገራል አልኩ። እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ሐጂ" አለ፣ "ሐዋን እኔ ቆሜ ሳለሁ ሌላ እጅ እንዲነካት አልፈቅድም። ታውቃላችሁ፣ የማያውቃት ከነካት ጉዳት ይመጣል።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁና "ይህ ነው አባት" አሉ። አክብረውት ሄዱ።

የዚያን ቀን ማታ ሱቅ ስንዘጋ ሳቄ አላቆም አለኝ። እሱ አልሳቀም። ቁልፉን እያዞረ "እናኑ፣ እኔ የማዝነው በአንድ ነገር ነው" አለኝ። "የእናቴን ቆሜ ሰማሁ። የእኔን ደግሞ የሚሰማው ሰው የለም። ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የማንን በር ያንኳኳል? አሁን ግን ቢያንስ 'ልጁስ?' ይባላል። ሰው ሞቶ 'ልጁስ?' ከተባለ ሰው ነበር ማለት ነው።" እኔም "ሂድ ወደዚያ፣ አንተ አትሞትም" አልኩት። ስለ ሐዋ ካወራው ሁሉ ያላሳቀኝ ያ ብቻ ነው።

ሞተ እንግዲህ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን የሚያስጮህበት ሰዓት። ስሰፋ የእሱ መኪና ከወዲያ ስትጮህ ትሰማኛለች፣ ድምፅዋን ስለለመድኩት መች እንደምትቆም አውቃለሁ። አልቆመችም። መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። አያ ሙላት በንበሯ ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ደረቱን ይዟል፣ ዐይኑ ግን ሰዓቷ ላይ ነው። ደንበኛው አንድ የእርሻ ሹፌር ነበር፣ ወደ ጎን ቁም እንደተባለ ቆሞ ቀርቷል።

"ሐዋን አጥፊያት" አለኝ። "ሞቃለች።"

አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ረክሻ ውስጥ ራሱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ሄድን። ሆስፒታል ሐኪሙ ብዙ አልቆየም፣ "ኸላስ" አለኝ፣ አልቋል። "ምኑ ነሽ?" አለኝ። "ጎረቤቱ ነኝ" አልኩ። ዐይኑን ከድኜለት ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ የእሱን ሱቅ ልዘጋ ስገባ የሹፌሩ ጠመንጃ ከቱቦው ጋር እንደተጋጠመ ነበር። ብሎኗን ቀስ ብዬ ፈታሁ። ሽው ብሎ ወጣ። እሱ ያመቀው የመጨረሻው አየር ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩት እንጂ አልተሰማኝም። ጠመንጃውን ነቅዬ ጥግ አስደግፌ ባትሪውን ፈታሁ። በንበሯን ግን እዚያው ተውኳት።

በማግስቱ ቀበርነው። ዕድሩ በሊቀ መንበሩ በአቶ ደምሌ ግቢ ድንኳን ጣለ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ ሳህን እሰበስባለሁ፣ ለሚመጣው ቦታ አሳያለሁ። አንዷ "ድንጋይ ናት" ስትል ሰማሁ፣ እውነቷን ነው ብዬ አለፍኩ። ደረቴ ውስጥ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም። የእንባ ነገር ለእኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ስለ ሐዋ ነበር። ሹፌሩ የሰማውን "ሐዋን" የሚል ቃል ገበያው ተቀብሎት ነበርና፣ ድንኳኑ ሲደርስ "ሐዋን አደራ ብሎ ሞተ" ሆኗል። ወንዱም ሴቱም ለሐዋ ያለቅሳል። ምስኪን፣ ከሰላ ቁጭ ብላ አባቴ አለልኝ ትላለች። ለቅሶው ሲቀዘቅዝ አቶ ደምሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጥያቄውን አነሱት።

"ልጁስ? ሐዋን ማን ያርዳት?"

ሐጂ ኑሩ ያን ቀን ከገላባት የደረሱ ናቸው። ዐይናቸው አብጧል። ብድግ አሉ።

"እኔ ነኝ የማረዳት" አሉ። "ከሰላ እሄዳለሁ። የዛሬውን አውቶቡስ እደርስበታለሁ። ቤቷን ብቻ የሚያውቅ ይንገረኝ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ ያሉ ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ተሳፍረው ለኮምፕሬሰር መርዶ ሊነግሩ ሲነሱ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሳህኑን አስቀመጥኩ።

"ሐጂ፣ ይቀመጡ። ሐዋ የለችም።"

"እሷም ሞተች?"

"አልተወለደችም።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሀዋ በዐረብኛ አየር እንደሆነ፣ አቡ ሀዋ ባለ አየሩ ማለት እንደሆነ፣ እሱ ሐዋ የሚላት መኪናዋ እንደሆነች። አንድ ወጣት ሳቅ አምልጦት አቶ ደምሌ በዐይናቸው አስወጡት። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሙቀት ያስቸገራት?"

"መኪናዋ ናት።"

"ከሰላ ሄዳ የነበረችው?"

"ለጥገና ነው።"

"የወንድሜ ልጅ የጠየቃት…"

"እሷው ናት፣ ሐጂ።"

መቁጠሪያቸውን አወጡና ያንከባልሉ ጀመር። ተቀይመዋል አልኩ። ቢቀየሙም አይፈረድባቸውም። ከዚያ ቀና አሉ።

"ማሩን ማን በላው?"

"እኔ።"

"የዒዱን ጨርቅስ?"

"እኔ ነኝ የለበስኩት። አይተውኛል።"

"ዐይኑንስ የከደነለት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ደህና" አሉ። ወደ አቶ ደምሌ ጠጋ ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ፣ አቶ ደምሌም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሳህኔን አንስቼ ወጣሁ፣ የሚታጠብ ብዙ ነበር።

ያን ሌሊት ተኝቼ አደርኩ። ይህንንም እናገራለሁ፣ እንደ ግንድ ተኛሁ። ጎህ ሳይቀድ፣ አዛን ገና ሳይሰማ፣ በሬ ተንኳኳ። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ ነው የተነሳሁት። ስከፍት ሐጂ ኑሩና አቶ ደምሌ ቆመዋል። ከኋላቸው ሦስት የዕድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከናንበዋል። ሐጂ በእጃቸው የአያ ሙላትን በንበር ይዘዋል። ገቡና ከክፍሌ መሀል አኖሯት። ሴቶቹ ግራና ቀኜን ያዙ።

"ተቀመጪ" አሉኝ ሐጂ።

"ሐጂ፣ እኔ እኮ አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ የነገርኳችሁ?"

"አንቺ ለሁሉም ነገርሽ። ላንቺ የነገረሽ የለም። ቆመሽ አይሆንም፣ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ፣ እሱ እንደሚያደርገው። አቶ ደምሌ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ጎንበስ አሉ።

"እናኑ፣ ልጄ" አሉኝ፣ "አባትሽ አርፏል።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላውቀውም፣ የያዙኝ ሴቶች ናቸው የሚያውቁት።